ስለ ሰባተኛው ልጅ

በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በዚህ በኩል ሌሊቱን ከቀን የሚለየው የሯጮች እግር ኮቴ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከኮተቤና ከካራ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም በኩል፥ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጡ ወጣቶች ይታያሉ። ከባሕር ዛፉ መካከል ገብተው ይሰወሩና ፀሐይ ስትወጣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ይመለሳሉ። በመንገዳቸውም ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱ እናቶችን ያገኛሉ፤ በዚያን ጊዜ ሯጩ ጥግ ይይዛል፥ ሸክም ያለባት ታልፋለች። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ነገር ግን ሲጣስ አላየንም።

እኛ ሯጭ አይደለንም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ለትምህርት ቤታችን ቡድን ለመመረጥ ሮጠን 11ኛ ወጥተናል፤ የሮጥነውም 12 ነበርን። (12ኛው ጫማው ወልቆበት ነው።) ከዚያ ወዲህ የሌላውን ሩጫ ማየት እንጂ የራሳችንን ማሳየት ትተናል። ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዳችን በፊት በየማለዳው በዚያ በኩል በእግራችን የመንሸራሸር ልማድ ስላለን ግን፥ ባለፉት ዐሥር ዓመታት ያየነው ሯጭ ቍጥር የለውም።

አብዝቶ ማየትም ሰውን ያሳስታል፤ ዐዋቂ የሆነ ይመስለዋልና። እኛም ሳንሾም ዳኞች ሆንን። ትከሻው ሳይናወጥ፥ ክንዱ ከጎኑ ሳይርቅ፥ በእግሩ ጣቶች መሬቱን ነካ እያደረገ የሚያልፈውን «ይህስ ይሆናል» እንላለን። ራሱን እያወዛወዘ፥ አፉን ከፍቶ፥ መሬቱን እየደበደበ የሚሮጠውን ደግሞ «ይህ በከንቱ ይደክማል» ብለን እናልፋለን። በተለይም አንድ ረጅም፥ መልከ መልካም ወጣት ነበር። እርምጃው እንደ ሚዳቋ ስለሆነ ባየነው ቍጥር ቆመን እስኪሰወር ድረስ እንመለከተው ነበር። ከእርሱ ኋላ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚመጣ፥ አጠር ያለ፥ ግራ ትከሻው ወደ ታች ያዘነበለ አንድ ልጅ አለ። እርሱን ስናይ የምንለው ሁለተኛውን ቃል ነው።

በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ የሩጫ ክለብ 6 ወጣቶችን መልምሎ ለማሠልጠን በተራራው ትከሻ ላይ ባለ አንድ ሜዳ ማጣሪያ አደረገ። አሠልጣኙ በማለዳ ሰላምታ የምንተዋወቅ ሰው ስለሆኑ «አቶ እገሌ፥ ሰው አንሶናል፤ እርስዎ የጽሕፈት ሰው ነዎት፥ ሰዓት ይያዙልን» አሉን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በሕይወታችን ብዙ ወረቀት ላይ ፈርመናል፤ የሰው ዕድል የሚቈረጥበት ነገር ግን በእጃችን ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የቀረቡት ወጣቶች 18 ሲሆኑ ሜዳው ስለማይበቃ በሁለት ምድብ ተከፍለው 3000 ሜትር እንዲሮጡ ተወሰነ። በእያንዳንዱ ምድብ ከፊት የሚገቡት የ5ቱ ሰዓት ይያዛል፤ ከዚያም የ10ሩ ሰዓት ተስተያይቶ ፈጣኖቹ 6 ይወሰዳሉ። ሰዓት ያዦቹም 5 ነበርን፤ ለእኛ የደረሰን አራተኛ የሚገባውን መያዝ ነው።

ሩጫው ሳይጀመር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በድንጋይ ላይ ዐረፍ ያሉ አንድ ሽማግሌ ምን እንደምናደርግ ጠየቁና ከተነገራቸው በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፥ በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ገበያ ላይ አይቶ ብቻ አይገዛም። ጭኖ፥ ዳገት አውጥቶ፥ ቍልቍለት አውርዶ፥ አመሏን ዐውቆ ነው። እናንተ በአንድ ጠዋት የሰው ልጅ እንዴት ትመርጣላችሁ?»

አሠልጣኙም «እውነት ነው አባቴ፤ ነገር ግን 18 ልጅ አንድ ሳምንት የምናበላበት ገንዘብ የለንም» ብለው መለሱላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ የገባቸው ይመስለናል።

የመጀመሪያው ምድብ በደኅና ተፈጸመ። በሁለተኛው ምድብ የእኛ ሚዳቋ ነበረበት። የመጨረሻውን ዙር ሲጀምሩ ከሌላ ወጣት ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነው መጡ። እኛም ሰዓት ያዥ መሆናችንን ረስተን «በርታ! በርታ!» እያልን ጮኽን። በኖራ የተሠመረውን መሥመር አንደኛ ሆኖ ሲያልፍ ዐይናችን ተከትሎት ሄደ። ሦስተኛው ገባ። የአራተኛው እግር ድምፅ በጆሮአችን ሲያልፍ ነው ደንግጠን አውራ ጣታችንን የተጫንነው። ቀና ብለን ስናይ ያ ትከሻው ያዘነበለ ልጅ ነበር። ሰዓታችን 9 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ከ5 ዐሥረኛ ይላል።

ሰዓቶቹ ተሰብስበው ሲጻፉ ስድስተኛው ከመጀመሪያው ምድብ 9 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ከ2 ዐሥረኛ የሮጠ ሌላ ልጅ ሆነ። የእኛው ሰባተኛ። በሁለቱ መካከል ያለው 3 ዐሥረኛ ሰከንድ ነው፤ ዐይን ተገልጦ እስኪከደን የሚፈጀውን ጊዜ ያህል።

ልጁ ወደ እኛ መጣና እጁን አጣምሮ «ጋሼ፥ ስንተኛ ሆንኩ?» አለን።

«ሰባተኛ።»

«ስንት ነው የሚወስዱት?»

«ስድስት።»

«እሺ ጋሼ፥ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። ጫማው ለካ ከፊተኛው ምድብ ከሮጠ ጓደኛው የተዋሰው ኖሯል፤ አራግፎ መለሰለት። ለምን እግዜር ይስጥልኝ እንዳለን እስከ ዛሬ እናስበዋለን።

ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሰዓትን ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። እኛ ግን በበኩላችን ለሰዓት እንከራከራለን። በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያለ ሰዓት የሚደረግ ምርጫ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ «የእገሌ ወንድም ነው»፥ «ከእገሌ ተልኮ ነው» የሚለው ቃል በር እንደ ቍልፍ ሲከፍት አይተናል። ሰዓት አጎት የለውም፥ የአገር ልጅ የለውም፥ አማላጅም አይሰማም። ይሁን እንጂ ሰዓቱን የሚጫነው አውራ ጣት የሰው ነው። ያ ጣት የሚወደው አለው፥ የሚንቀውም አለው። እኛ ከማንም ጉቦ አልበላንም፥ ዘመድም በሜዳው ላይ አልነበረንም፤ ነገር ግን ያንን ረጅም ወጣት ለብዙ ማለዳ ስናደንቀው፥ ያንን አጭር ልጅም ለብዙ ማለዳ ስንንቀው ኖረን፥ በመጨረሻው ሰዓት ዐይናችን ወደ ለመደበት ሄደ። አድልዎ ማለት ይኸው አይደለምን?

የትከሻውን ነገር ካነሣን ዘንድ፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱ እንደ መታጠፍ ይል እንደ ነበር የማያስታውስ የለም። በልጅነቱ በአርሲ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለ ነበር የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። የሩጫን ማማር ብቻ የሚያይ እንደ እኛ ያለ ዳኛ ያን ክንድ እንደ ጉድለት በቈጠረው ነበር። ባለዚያ ክንዱ ሯጭ ግን በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ የ10000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ እኛ ካጠፋነው ከ3 ዐሥረኛው ሲሶ እንኳ አይሞላም።

የመራጭ ስሕተት በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ አገር በእጅ የሚያዘውን የእነርሱን እግር ኳስ የሚጫወቱ የኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ «ድራፍት» በሚባል ሥርዓት ተራ በተራ በባለሙያ ቡድኖች ይመረጣሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚመረመረው ኳርተርባክ የሚሉት፥ ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች ነው። ቁመቱ፥ ክብደቱ፥ የመዳፉ ስፋት ይለካል፤ 40 ያርድ ማለት 37 ሜትር ያህል በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ቶም ብሬዲ የተባለ ወጣት በዚህ ሚዛን ቀለለ፤ ሩጫው ዘገምተኛ፥ ሰውነቱም ያልጠነከረ ሆኖ ተገኘ። 198 ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል 6 ኳርተርባኮች፥ ቀድመውት ከተመረጡ በኋላ 199ኛ ሆኖ ተወሰደ። ያ ሰው የዋንጫውን ጨዋታ 7 ጊዜ አሸነፈ። ያን ያህል ገንዘብና መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ይህን ከሳቱ፥ በኖራ መሥመር አጠገብ የቆመ የመንግሥት ሠራተኛ ቢስት አይገርምም ብለን ራሳችንን ልናጽናና ሞክረን ነበር። አልተጽናናንም። እነርሱ የሳቱት ገና ያልታየውን ነው፤ እኛ የሳትነው በፊታችን ያለፈውን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን ሲያስደንቅ፥ ከዚያ ቀደም በአገር ቤት ስሙ በብዙ ይጠራ የነበረው ዋሚ ቢራቱ ነው። ዋሚ በሕመም በመቅረቱ አበበ በስፍራው እንደ ገባ ሲተረክ ኖሯል። (አብሮት የሮጠው አበበ ዋቅጅራ በዚያ ቀን 7ኛ ወጣ፤ ሰባተኛነት ያን ጊዜ ክብር ነበር።) ያው አበበ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያገኝ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም። በዚያን ሰሞን በተራራችን ላይ ማጣሪያ ተደርጎ እኛ ሰዓት ይዘን ብንቆም ኖሮ፥ ከአልጋ የተነሣውን ሰው ማን በስድስቱ ውስጥ ይጽፈው ነበር?

ደግሞም በዚህ ከፍታ ላይ የሚያዝ ሰዓት ራሱ ምሉእ ምስክር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ስትሆን የእንጦጦ ራስ ከ3000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ደም የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ እዚህ የተሮጠ ረጅም ሩጫ ቆላ ከተሮጠው ጋር አይተካከልም። ለቶኪዮው ሁለተኛ ኦሊምፒክ የተደረገው ማጣሪያ እንኳ በ2013 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሄንግሎ ከተማ ነበር።

እኛ ግን ይህን ሁሉ እያወቅን ለአራት ወር ዝም አልን። ዝምታችንን የሰበረው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ በሰፈራችን ካለ ቡና ቤት ተሰብስበን የፓሪሱን ማራቶን በቴሌቪዥን ስንመለከት ታምራት ቶላ ብቻውን ተነጥሎ ወጣ። ታምራት ተጠባባቂ ሆኖ የተያዘ ሯጭ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ስለ ተጎዳ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በስፍራው ገባ። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲገባ ቡና ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኛም እልል አልን፤ ነገር ግን በእልልታው መካከል በኖራው መሥመር ላይ ያለፈው እግር ድምፅ በጆሮአችን መጣብን፥ የያዝነው ቡናም ቀዘቀዘ። ተጠባባቂ እንኳ ስሙ ከወረቀት ላይ አለ። የዚያ ልጅ ስም ከወረቀቱ ላይ የለም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. አሠልጣኙን ፈልገን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «አሁን ምን ላድርግ አቶ እገሌ? ዝርዝሩ ተፈርሞበታል፤ ልጆቹም ገብተዋል። ስድስተኛውን አስወጥቼ እርሱን ላስገባ?» አሉን። ይህን አላሰብነውም ነበር። ስድስተኛውም ልጅ ምንም አላጠፋም፤ እርሱም እንደ ሌላው የድኻ ልጅ ነው። ደግሞ ጣታችን ስንት ዐሥረኛ እንደ ዘገየ በእርግጥ አናውቅም፤ ሦስት ሊሆን ይችላል፥ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ሁለት ከሆነ ልጁ በእውነትም ሰባተኛ ነው። የፊርማንና የማኅተምን ነገር የምናውቅ ስለሆንን ሌላ ቃል ሳንጨምር ተመለስን።

ለልጁ ልንነግረው ብዙ ጊዜ አስበናል። አንድ ቀን ቃሉን በአፋችን አዘጋጅተን ወጣን። ከየካ በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ፥ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት እስኪያልፉ ጥግ ይዞ ቆሞ አገኘነው። ጫማ አለው፤ አሮጌ ነው፥ ግን የራሱ ነው። ትከሻው እንደ ድሮው ያዘነበለ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣንና፥

«ጋሼ፥ ለሚያዝያ ደግሞ ማጣሪያ አለ አሉ። እርስዎ ነዎት ሰዓት የሚይዙት?» አለን።

«ለምን ጠየቅኸኝ?» አልነው፤ ልባችን ደነገጠ።

«እንዲያው ነው። እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ባለፈው ሳልደብቅ ሳያባብሉ ነው የነገሩኝ።»

ያዘጋጀነው ቃል ከአፋችን ጠፋ። እናቲቱ አለፉ። ልጁም «በሉ ጋሼ፥ ሰውነቴ ሳይቀዘቅዝ» ብሎ መሬቱን እየደበደበ ሽቅብ ወጣ። እኛም የእጅ ሰዓታችንን አውጥተን እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ያዝንለት።