ለሳጥን የሚሆን እንጨት

እንጦጦ ማርያምን የከበበው ተራራ በባሕር ዛፍ የተሞላ ነው፤ ሆኖም ልብስ፣ መጽሐፍ ወይም ጌጥ የሚቀመጥበት ደህና ሳጥን ልሥራ ያለ አናጢ ያን ሁሉ ዛፍ አልፎ ጥድ ወይም ዋንዛ ፍለጋ ይሄዳል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነገሩ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ሳጥን ከሌላው የእንጨት ሥራ የተለየ ጣጣ አለበት። ለቤት ግድግዳ የቆመ አጣና ትንሽ ቢጠምም ጭቃው ይሸፍንለታል፤ የሳጥን ክዳን ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተጣመመ አልገጥም ይላል። ስለዚህ የሳጥን እንጨት መመረጥ ያለበት በመልኩና በአብረቅራቂነቱ ሳይሆን እርጥበት ሲመጣና ሲሄድ በሚያሳየው ጠባይ ነው እላለሁ። በዚህ ሚዛን ከተሄደ ደግሞ ምርጡ እንጨት ጫካ ውስጥ የቆመው አይደለም፤ ከፈረሰ ቤት የወጣው ነው።

ማንኛውም እንጨት ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይኮማተራል። ቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ወርዱ ነው። በወርዱም ቢሆን የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ጣውላው ይቆለመማል። ባሕር ዛፍ በዚህ በኩል አስቸጋሪ ነው። ሲያድግ በግንዱ ያጠራቀመው ውጥረት መጋዝ ሲነካው ይፈታል፤ አንዳንዱ ጣውላ ገና ሳይደርቅ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅም ፊቱ እየሰረጎደ ይወጣጠራል። ዋንዛ የዋህ ነው፤ ቀላል፣ ለመሮና ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ውስጠኛው ክፍሉም ምስጥ የማይደፍረው። ወይራ ያምራል፤ ግን አንድ ሜትር ኩቡ ወደ አንድ ቶን ስለሚጠጋ ለትልቅ ሳጥን ተሸካሚ ይጠይቃል፤ ለትንሽ የጌጥ ሳጥን ወይም ለክዳን እጀታ ይሁን። ጥድ ደግሞ ቀይ እምብርቱና ነጭ ዳሩ ሁለት የተለያዩ እንጨቶች ናቸው ቢባል ይቀላል። ቀዩ ሽታው ብልን ያርቃል፣ ለዘመናት ይቆያል፤ ነጩን ነቀዝ ይበላዋል። የጣውላውን ጫፍ አገላብጦ ሳያይ፣ ነጩን ሳያስነሳ ጥድ የሚገዛ ሰው ግማሹን ለነቀዝ ገዝቷል። እርጥብ ጥድ ቅባቱ ነጠላ ላይ ሊያርፍ ስለሚችልም ለሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚታሰብ ሳጥን ቢያንስ በደንብ የደረቀ እንጨት ይፈልጋል።

ባሕር ዛፍን አናንቀህ የት ትደርሳለህ የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ የከተማው ማገዶና የቤት እንጨት ከአገር በቀሉ ደን ነበር የሚወጣው፤ ደኑ ሲመናመን መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ተሞክሯል። አዲስ አበባን ባለችበት ያቆያት ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ እንጨት ተሸካሚ እናቶችም ከዚያው ተራራ ለዘመናት እንጀራቸውን አውጥተዋል። ውለታው ግን የማገዶና የአጣና ውለታ ነው፤ ሳጥን ላይ አይሠራም።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው፦ ጥድና ዋንዛን ማወደስ መጥረቢያ መሳል አይሆንም ወይ? ይሆናል፣ ከቆመ ዛፍ ከሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንጦጦ ላይም ሆነ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፍን ለመመለስ የሚደከመው የቀረው ጥቂት ስለሆነ ነው። እንጨት ሻጭ «ከየት መጣ?» ሲባል ከተንተባተበ ትቶት መሄድ ነው። ነገር ግን ከተማዋ ውስጥ አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር የጥድ ምሰሶ፣ የበርና የመስኮት መቃን፣ የወለል ጣውላ ይወጣል፤ ብዙ ክረምትና በጋ አይቶ መጣመሙን የጨረሰ እንጨት። አብዛኛው ወደ ምድጃ ይሄዳል። ቁርጥራጩ አጭርና ጠባብ ነው መባሉ ለቁምሳጥን ሠሪ እንጂ ለሳጥን ሠሪ ምክንያት አይሆንም። ያረጀ ጥድ እኮ በሕይወቱም ብዙ ጊዜ ውስጡ በስብሶ ባዶ ስለሚሆን ሰፊ ጣውላ ድሮም አይሰጥም ነበር።

ቺፑድና ኤምዲኤፍስ? አይጣመሙም፣ እውነት ነው፤ ግን እርጥበት ያሳበጣቸው ዕለት ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው አይመለሱም፣ ማጠፊያው የታሰረበት ብሎንም ከነዱቄቱ ይነቀላል። አናጢዎች አሮጌ እንጨትን የሚሸሹት በሌላ ነገር ነው፤ ውስጡ ተሰብሮ የቀረ ምስማር የመላጊያውን ስለት ይሸርፋል። ምስማሩን አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ያም በዋጋው ላይ መታሰብ አለበት። ገዢው በዚህ ሲከራከር ሠሪው ወደ አዲስ ጣውላ ይመለሳል፤ አዲሱ ጥድ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።