ሲካፈል የሚበዛ ምንድን ነው?

እንቆቅልሽ! «ምን አውቅልህ» እንደምትለኝ አልጠራጠርም፤ አንባቢ ሆይ። ሲካፈል የሚበዛ ምንድን ነው? ዳቦ ሲቆረስ ያንሳል፤ ርስትም ለልጆች ሲከፋፈል ይጠባል። በሒሳብ ግን 6ን ለ0.5 ብናካፍል 12 ይሆናል።

እኔ በሐዋሳ ከተማ ሒሳብ የማስተምር ጀማሪ መምህር ነኝ። በታችኞቹ ክፍሎች ሊያልቅ ይገባው የነበረው የአስርዮሽ ቁጥር ማካፈል ተማሪውን ተከትሎ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የጻፍሁላቸው ደንብ ይህ ነበር፤ «በአካፋዩ ውስጥ ያለው ነጥብ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ አዛውሩ፤ በተካፋዩም እንዲሁ አድርጉ።» ምክንያቱን ግን አልነገርኋቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም የነገረኝ አልነበረም፤ ኮሌጅ ገብቼ እስክወጣ ድረስም የጠየቀኝ የለም።

በፈተናው 4.5ን ለ0.25 እንዲያካፍሉ አዘዝሁ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ 18 ብላ ብቻ ጽፋ አስረከበች። መልሱ ልክ ነው፤ አሠራሩ ግን የለም። «ከጎረቤትሽ ገልብጠሻል» አልኋትና ዜሮ ሰጠኋት። አልተከራከረችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በክፍሌ ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡና ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ያችው ልጅ ከአክስቷ ጋር ሚዛን አጠገብ ተቀምጣ ቡና በሩብ ኪሎ እየመዘነች በከረጢት ታስራለች። ጥቂት ቆሜ አየኋትና «አራት ኪሎ ተኩል ቢሆን ስንት ከረጢት ይወጣዋል?» ብዬ ጠየቅኋት። ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሣ፣ «መምህር፣ አንዱ ኪሎ አራት ሩብ ነው። አራቱ ኪሎ አሥራ ስድስት፣ ተኩሉ ሁለት፤ አሥራ ስምንት ይሆናል» አለችኝ።

የገዛ ደንቤ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማካፈል ማለት ለሰው ማደል ብቻ አይደለም፤ «ይህ በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅም ነው። መስፈሪያው ባነሰ መጠን ቁጥሩ ይበዛል። ነጥብ ማዛወርም አስማት አይደለም፤ ሁለቱን ቁጥሮች እኩል በ100 ማባዛት ነው። 4 ብር ከ50 ማለት 450 ሳንቲም ነው፤ 0.25 ብርም 25 ሳንቲም ነው፤ 450 ለ25 ሲካፈል ያው 18 ይሆናል። ገንዘቡ ተመነዘረ እንጂ አልተጨመረም። አባቶቻችን ይህን ነገር በስሙ ጭምር ያውቁት ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ዝርዝር ገንዘብ «መቶኛ» ይባል ነበርና። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሳንቲም አንድ ብር ሆነ። የዛሬው ልጅ ግን ሳንቲም በእጁ የሚቆጥርበት ጊዜ እምብዛም ስለሌለ፣ ነጥቧ ለእርሱ በወረቀት ላይ የቀረች ጠብታ ናት።

በማግሥቱ ሰኞ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ ማርኳንም መለስሁላት። ከዚያ ጠመኔውን ሰጠኋት። እጇ እየተንቀጠቀጠ አራት ኪሎ ተኩሉን በሰሌዳው ላይ በሩብ በሩብ ከፋፍላ ሣለች፤ ጓደኞቿም እየተከተሉ ቆጠሩ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ምናልባት ጠረጴዛ ተሰጥቶህ በደንብ የምትሠራ ወጣት ትሆናለህ። የደንቡን ምክንያት ጠይቀህ ያዝ። አለዚያ ልክ የሆነውን መልስ ይዞ የመጣውን ሰው፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ዜሮ ሰጥተህ ትመልሰዋለህ።