ብስራተ ገብርኤል በ12 ፎቶ

የቤተሰብዎን የድሮ አልበም ያውጡና ይግለጡት። አያትዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ያገኟቸዋል። ከኋላቸው መጋረጃ ወይም በቀለም የተሳለ አበባ ይኖራል። ቀጥሎ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶ ይመጣል። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጉ፦ እናትዎ ያደጉበትን የግቢ በር፣ ዳቦ ይገዙበት የነበረውን ሱቅ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱበት የነበረውን ኮረኮንች መንገድ። ብዙ ቤት ይህ አይገኝም። ፊልም ውድ ስለነበር ለሰው እንጂ ለአጥር አይባክንም ነበር።

ዛሬ ስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ። የልጅ ፊት፣ የልደት ኬክ፣ የምሳ ሳህን ሞልቷል። የሰፈር መንገድ ግን እዚያም ውስጥ እምብዛም የለም። አዲስ አበባ ደግሞ አትጠብቅም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብቻ ስንት የምናውቀው ጥግ መልኩን ቀየረ! አጥር ፈረሰ፣ መንገድ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃ ተነጠፈ። አዲሱን ቢወዱትም ባይወዱትም፣ የቀድሞው ምን ይመስል እንደነበር ልጆችዎ የሚያውቁት ካስቀመጡላቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቤተሰብዎን ይዘው ብስራተ ገብርኤልን በእግር ይዙሩ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። በእጅዎ የሚይዙት በአንድ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ካሜራ ይሁን።

ሰፊው ፊልም

ይህ ካሜራ ሚዲየም ፎርማት ይባላል። የሚጎርሰው ፊልም 120 የሚል ቁጥር ያለው፣ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከጀርባው ወረቀት ተለጥፎ የተጠቀለለ ነው። ኮዳክ ለገበያ ያቀረበው በ1901 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስካሁን ይመረታል። አብዛኞቻችን የምናውቀው 36 ፎቶ የሚያነሳው ትንሹ ፊልም ነው፤ የእሱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። የሰፊው ፊልም አራት ማዕዘን ምስል ደግሞ በየጎኑ 56 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በስፋት ሲሰላ ከሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ፎቶው ትልቅ ሆኖ ሲታተም እንኳ የነጠላው ጥለት፣ የግንቡ ስንጥቅ፣ የሩቁ ተራራ ጠርዝ ሳይደበዝዝ ይታያል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ባለ ሁለት ሌንሱ ሮሌይፍሌክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወጣ። ከላይ ባለው ሌንስ ያያሉ፣ ከታች ባለው ያነሳሉ። ያሺካ ማትና የሶቪየቱ ሉቢቴል በዚያው መንገድ የተሠሩ፣ ዋጋቸው ቀለል ያለ ካሜራዎች ናቸው። የስዊድኑ ሃሰልብላድ በ1969 እ.ኤ.አ. ከአፖሎ 11 ጋር ጨረቃ ድረስ ሄዷል። ማሚያ አርቢ 67 ምስሉ ሰፋ ስለሚል በአንድ ጥቅል የሚያነሳው 10 ብቻ ነው፤ ክብደቱም ትከሻ ይፈትናል። ለእግር ጉዞና ለጀማሪ ባለ ሁለት ሌንሱ ይመረጣል።

ካሜራና ትዝታ በከተማችን

የፊልም ፎቶ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ ነበር። በኋላም ፎቶ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። በአልበምዎ ውስጥ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ያለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካለ፣ በዚሁ በሰፊው ፊልም የተነሳ ሊሆን ይችላል።

እነዚህን የቤት አልበሞች አሰባስቦ ለሕዝብ ያቀረበ ሥራም አለ። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትዝ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የነዋሪዎችን የድሮ ፎቶዎች ከየቤቱ ለቅመው በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። በሥነ ሥዕል የተማረው ሚካኤል ጸጋዬ ደግሞ ለዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ካሜራ የዞረ ባለሙያ ነው። ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የአዲስ አበባን መፍረስና መገንባት የሚከታተል ሲሆን፣ ርዕሱ በአማርኛ «የወደፊት ትዝታዎች» እንደማለት ነው። ርዕሱ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ተራ የሆነው ነገር ነገ ትዝታ ይሆናል፤ ትዝታ እንዲሆን ግን የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል።

ጉዞው ከየት ይጀምር?

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ ከዚያው ይጀምሩ። ወሩ በገባ በ19 የገብርኤል ዕለት ከወጡ፣ ገና በማለዳ መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ጧፍና ሻማ የያዙ ሻጮች፣ ደጁን ተሳልመው የሚመለሱ እናቶች፣ በቅጥሩ ጥግ የተዘረጋ ጃንጥላ ይታያል። እዚህ አይቸኩሉ። በቅዳሴ ሰዓት ከቅጥሩ ውጭ ይቁሙ። ግቢ ገብተው ማንሳት ከፈለጉ የደብሩን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ከዚያ ወደ አስፋልቱ ይውጡ። ታክሲው፣ ረዳቱ፣ ሊስትሮው፣ በረከቦት ዙሪያ በርጩማ ደርድራ ጀበና የጣደችው ልጅ፣ ሙዝና ብርቱካን የከመረው ጋሪ፣ ሁሉም እዚሁ አለ። የስልክ ካሜራ ቢሆን 50 ጊዜ ያነሱ ነበር። አሁን ግን ያለዎት 12 ነው። ስለዚህ ቆም ብለው «ከዚህ ሁሉ የሰፈሩን ጠባይ የሚነግረኝ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምናልባት ጀበናዋ ሳትሆን ባዶውን በርጩማ ለደንበኛ የምትጠርግበት እጅ ነው። ይህን የሚያዩት ቆመው ሲጠብቁ ነው።

ወደ ሰሜን፣ ወደ አሮጌው ኤርፖርት አቅጣጫ ሲሄዱ መልኩ ይለወጣል። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ በኩል ነበር። የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት ስላልበቃ አዲሱ ቦሌ ላይ ተሠራ፤ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ ጄቶች በ1962 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገቡ። «አሮጌ ኤርፖርት» የሚለው ስም ግን ቀረ። በዚህ በኩል ያሉት ፀጥ ያሉ የውስጥ መንገዶች ለካሜራው የሚስማሙ ናቸው፦ የድንጋይ አጥር፣ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ቡገንቪሊያ፣ የብረት በር፣ ከበሩ ሥር የተኛ ውሻ። ኤምባሲዎች፣ የመንግሥት ተቋማትና የጥበቃ ቦታዎች ስለሚበዙ ግን ወደ እነሱ ካሜራ አያዙሩ። ከጠረጠሩ ጥበቃውን ሰላም ብለው ይጠይቁ።

ወደ ደቡብ ቁልቁል ከወረዱ ደግሞ መካኒሳ ነው። በዚህ በኩል በሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርና ዳር ለረጅም ዘመን ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ሲመረት ኖሯል። በከተማ መሐል አረንጓዴ መደብ፣ ከበላዩ ፎቅ! ለመልክዓ ምድር ፎቶ ከዚህ የተሻለ የአዲስ አበባን ሁለት ገጽ የሚያሳይ ቦታ አያገኙም። ሰማዩ ጥርት ካለ ከፍ ካለ ቦታ ሆነው ዙሪያውን ይመልከቱ፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ ሰፈሩን ከበው ይታያሉ። ፎቅ ላይ ለመውጣት የሕንፃውን ኃላፊ ያስፈቅዱ።

ብርሃኑን ማወቅ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ ቶሎ ከፍ ትላለች። መልካሙ ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። በቀትር ፀሐይዋ ከአናት በላይ ሆና ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ያኔ ሰውን በረንዳ ወይም የሱቅ ታንኳ ሥር ያቁሙት፤ ፊቱ ይለሰልሳል።

አሮጌ ካሜራ የብርሃን መለኪያ ላይኖረው ይችላል። ቀላሉ ደንብ ይኸው፦ ጠራራ ፀሐይ ሲሆን የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ ያድርጉ፣ ፍጥነቱን ደግሞ ከፊልሙ ቁጥር ጋር ያቀራርቡ። ፊልሙ 100 ከሆነ 125፣ 400 ከሆነ 500 ይሆናል ማለት ነው። ቀላል ደመና ሲመጣ ቀዳዳውን ወደ 11 ወይም ወደ 8፣ ጥላ ሥር ሲገቡ ወደ 4 ይክፈቱት። ሲጠራጠሩ ብርሃን ጨምሩበት እንጂ አይቀንሱ፤ ኔጌቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃን ይችላል፣ እጥረት ግን አይምርም።

ወቅቱም የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ደመናው እንደ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ብርሃኑን ያለዝበዋል፣ እርጥቡ አስፋልትም ያንጸባርቃል፤ 400 ፊልም ይያዙ። በመስከረም አየሩ ታጥቦ ተራሮቹ የቀረቡ ይመስላሉ። በበጋ አቧራና ጭስ ስለሚኖር ሩቁን ትተው ቅርቡን ያንሱ፤ 100 ይበቃል።

ጎንበስ ብሎ ማንሳት

ባለ ሁለት ሌንሱን ካሜራ ዓይን ላይ አይደቅኑትም። ደረት ወይም ወገብ ላይ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይመለከቱበታል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው በሚነሳው ሰው ፊት አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ እጅ የሚነሣ ይመስላል። በእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊቱ ላይ ስልክ ሲደቀንበት የሚቆጣ አዛውንት፣ ጎንበስ ያለን ሰው ሲያይ ብዙ ጊዜ ይለዝባል።

መለዘቡ ግን ፈቃድ አይደለም። አስቀድመው ሰላም ይበሉ፣ ስለ ጤና ይጠይቁ፣ ከዚያ «አንድ ፎቶ ባነሳዎትስ?» ይበሉ። እምቢ ካሉ አመስግነው ይለፉ። ልጅ ከሆነ ወላጁን ይጠይቁ። ከፈቀዱ ደግሞ በመስታወቱ ላይ ያለውን ምስል ያሳዩአቸው። ግራና ቀኙ ተገላብጦ ስለሚታይ ወደ ቀኝ የሚሄደው ታክሲ ወደ ግራ ሲሄድ ያዩታል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፣ ትልልቆችም።

በቤተሰብ ሲወጡ 12ቱን ይካፈሉ። አራት ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት ይድረሰው፤ የስድስት ዓመቷም ልጅ ሦስት ትውሰድ። የትኛውን እንደምታነሳ ራሷ ትምረጥ። እርስዎ በየቀኑ የማያዩትን እሷ ታያለች፤ ቁመቷ ከጠረጴዛው እኩል ነውና የጉልቱን ቲማቲም ፊት ለፊት ትመለከተዋለች።

ከ12ኛው በኋላ

ፊልሙ ሲያልቅ ጥላ ሥር ሆነው ያውጡት፣ ጥቅሉ እንዳይላላ ጠበቅ አድርገው በማሸጊያው ያሽጉት፣ ከፀሐይና ከመኪና ውስጥ ሙቀት ይጠብቁት። ሰፊውን ፊልም በከተማችን እንደ ድሮው በየሱቁ አያገኙትም፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ይታዘዛል። ዘመድዎ በእጅ ሻንጣ እንዲይዘውና በአየር ማረፊያ ፍተሻ በእጅ እንዲታይለት እንዲጠይቅ ይንገሩት፤ ጠንካራ የሻንጣ ኤክስሬይ ፊልም ያበላሻል።

ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቤትም ይታጠባል። ብርሃን የማያስገባ ታንከር፣ ጨለማ ከረጢት፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ኬሚካልና ቴርሞሜትር ይበቃል። የተለመደው ሙቀት 20 ዲግሪ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ሥራው ይቀላል። ባለ ቀለሙ ግን 38 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፣ ትንሽ ከተዛነፈም ቀለሙ ይበላሻል፤ ለባለሙያ ይተዉት። ኬሚካሉን ከልጆች ያርቁ፣ የወጥ ቤት ዕቃም አይጠቀሙ።

ኔጌቲቩን በደረቅ ቦታ፣ በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ኪስ ያስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ በደንብ የተያዘ ኔጌቲቭ ግን ከ50 ዓመት በኋላም ይታተማል። ከኮፒው አንዱን ደግሞ ለባለቤቱ ያድርሱ። ጀበና የጣደችውን ልጅ አንስተው «አመጣልሻለሁ» ካሉ፣ ያምጡላት። በየመንገዱ «ያነሳኸው ፎቶ የታለ?» የሚለው ጥያቄ የሚሰማው ቃል ገብቶ የሚጠፋ ሰው ስለበዛ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ይዞ የሚመጣውን እንግዳ ሰፈሩ የሚቀበለው በእርስዎ ታማኝነት ልክ ነው።

በመጨረሻ እስክሪብቶ ያንሱ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ቀኑን፣ የመንገዱን ልማዳዊ መጠሪያ፣ ያነሳውንና የተነሳውን ሰው ስም ይጻፉ። ሱቁ ሲፈርስ፣ መንገዱም ስሙን ሲቀይር፣ «ይህ የት ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ የልጅ ልጅ ያች አንድ መስመር መልስ ትሆናለች።