ሲሄድማ አይቼዋለሁ፣ ሲቆም አሳየኝ!

የመኪና ፍቅር የያዘው ጎረምሳ ምልክቱ አይጠፋም። ሰው ስለ ኑሮ ሲያወራ እሱ ስለ ፈረስ ጉልበት ያወራል፤ ለጫማ የያዘውን ብር ለማርሚታ ያውለዋል፤ ሴት ልጅ አጠገቡ ስትቀመጥ ደግሞ… እግሩ ሳያስበው ነዳጅ መስጫው ላይ ይከብዳል! እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ለእንዲህ ዓይነቱ ወገናችን ነው። ጨዋታው የሚወስደን ሩቅ አገር፣ ጀርመን ነው። ምክሩ ግን ሳሪስ ለሚነዳውም፣ ጎሮ ለሚነዳውም ይሆናል።

ኮሎኝ ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። እንጀራው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱን በሰዓቱና በፌርማታው ሲያቆም ይውልና ማታ የራሱ መኪና ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 340 የፈረስ ጉልበት ያላት የስፖርት መኪና ናት፤ ዕድሜዋ ግን 20 ዓመት ዘሏል። የፋብሪካዋን ስም ለዛሬ እንለፈው።

እሱ ዘንድ ለእረፍት ስሄድ ሁለት ነገር ጠበቀኝ። አንደኛው ያጠራቀመው 5,000 ዩሮ ነው። ሐሳቡ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ገጥሞ፣ በ340ው ላይ ሌላ 100 ፈረስ መጨመር ነበር። ሁለተኛው የእጮኛው ኩርፊያ ነው። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል፤ ልጅቷ ግን መኪናው ውስጥ አልገባም ካለች ወር አልፏታል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» ብዬ ለብቻዋ ጠየቅኳት።

«የተጣላነው በወጣንበት ዳገት ሳይሆን በወረድንበት ቁልቁለት ነው» አለችኝ። ከተራራማው የአይፈል አገር ሲመለሱ፣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደ ስፖንጅ ሟሟበት። ሁለቴ ሦስቴ ረግጦ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ በመከራ ቆሙ። እሱ ሳቀ። እሷ ግን ከመኪናው ወርዳ እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሯ ሄደች። አሁን ስለ 100 ፈረስ ሲያወራላት አንድ ቃል ብቻ ነው የምትመልስለት። «ሲሄድማ አይቼዋለሁ፣ ሲቆም አሳየኝ!»

በሰዓት የሚከራይ ጋራዥ

ጀርመን አገር እንደኛ ሰፈር መኪናን መንገድ ዳር በክሪክ አንስቶ ዘይት መለወጥ የለም፤ ያስቀጣል። ዘይቱ መሬት ገብቶ ውሃ ይበክላል ነው ነገሩ። ታዲያ ለመካኒክ መክፈል የማይፈልግ ወይም እጁን ማፍታታት የሚወድ ሰው የት ይሂድ? በየከተማው «የራስ አገዝ ጋራዥ» የሚሉት ቦታ አለ። መኪና ማንሻውን በሰዓት ትከራያለህ፤ ቁልፉን፣ መፍቻውን ከመስኮቱ ትወስዳለህ፤ ስትጨርስ አጽድተህ፣ ቆጥረህ ትመልሳለህ።

ወዳጄ ይዞኝ የሄደው ከኮሎኝ ወጣ ያለ ቦታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሞልቷል። አንዱ ማንሻ ሥር አባትና ልጅ አሮጌ የቤተሰብ መኪና ያድሳሉ፤ በወዲያኛው አንዲት ወጣት እስከ ክርኗ ቅባት ነክቷት ካንዴላ ትለውጣለች። የጋራዡ ኃላፊ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው።

«ዛሬ ምን ልትሠራ ነው?» አሉት።

«ኃይል ልጨምር አስቤያለሁ» አላቸው ወዳጄ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ከመጨመርህ በፊት ያለህን ቁጠር» አሉና መኪናዋን ወደ ላይ አስነሱት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት የሐኪም ምርመራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሽማግሌው መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን አዩ፤ ጠቁሯል። ብዕር የሚመስል መመርመሪያ ሲነክሩበት ቀዩ መብራት በራ፤ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ወደ ጎማዎቹ ዞሩ። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን አራት አሃዝ ታትሟል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ለምሳሌ 3518 ካለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2018 በ35ኛው ሳምንት ነው። የወዳጄ ጎማ ጥርሱ ገና አላለቀም፤ ዕድሜው ግን ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ላስቲኩ ደርቋል። ወደ ፍሬኑ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎችም እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቀዋል።

ይህን ሁሉ ወዳጄ ችሎ ሰማ። የመጨረሻው ግን ዝም አሰኘው። ሽማግሌው በሽቦ ብሩሽ የኋላውን ጭቃ ጠረጉና ባትሪ አበሩበት። የኋላውን እግር የሚሸከመው ብረት ከመኪናው ወለል ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ላሜራው ጣት በምታህል መስመር ተሰንጥቋል።

«ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር ጎማው መሬቱን ይገፋል፤ መሬቱም መልሶ ይገፋዋል። ያ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው እዚህች ላሜራ ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው ምን ይሆናል? አሁን አንተ 100 ፈረስ ልትጨምርበት ነው» አሉት።

ወዳጄ መልስ አልነበረውም። እኔም የእጮኛው ነገር ትዝ ብሎኝ ሆዴ ተላወሰ… በአጭሩ፣ ያቺ ልጅ የፈራችው በከንቱ አልነበረም።

ሦስት ቅዳሜ

ከዚያች ቀን በኋላ የ5,000 ዩሮው መንገድ ተለወጠ። ወዳጄ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እዚያ ማንሻ ሥር ዋለ። የኋላውን ብረት ራሱ ፈትቶ አወረደው። ብየዳውን ግን ሽማግሌው አልፈቀዱለትም። «እጅ ያለው ሁሉ ብሎን ይፈታል፤ ሰው የሚሸከም ብረት የሚበይድ ግን የተማረ ነው» ብለው በያጅ አስጠሩለት። ስንጥቁ ከተበየደ በኋላ ከላይ ማጠናከሪያ ብረት ተደረበበት፤ ዝገት እንዳይበላውም ቀለም ተቀባ።

የቀረውን እሱው ሠራው። አዲስ የፍሬን ቱቦ፣ አዲስ ዲስክና የፍሬን ሸራ፣ አራት አዲስ ጎማ። የፍሬን ዘይቱን ለመለወጥ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ በትእዛዝ ስረግጥና ስለቅ፣ እሱ ከታች አየሩን ሲያስወጣ እኩለ ቀን ሆነ። ሽማግሌው በየመሀሉ ብቅ እያሉ «ስንት ላይ አጠበቅኸው?» ይሉታል። እዚያ ብሎን የሚጠብቀው በክንድ ጉልበት አይደለም፤ ልክ በሚያሳይ ቁልፍ፣ ፋብሪካው ባወጣው ቁጥር ነው።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ጀርመን አገር እኛ ቦሎ እንደምንለው ያለ ጥብቅ ምርመራ አለ። የመኪናውን ጠባይ የሚለውጥ ዕቃ ስትገጥም የምስክር ወረቀት ይኑረው፣ አለዚያም መርማሪ አይቶ መዝገብ ላይ ያስፍረው ይባላል። ያንን ያልፈጸመ መኪና መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ከኢንሹራንስ ጋርም ያጣላል። ወዳጄ ወረቀቱን አንድ በአንድ አሟላ። ከ5,000 ዩሮው 1,600 ተረፈ። መኪናዋ ግን አንድ ፈረስ እንኳ አልተጨመረላትም! ከውጭ ለሚያያት ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

አረንጓዴው ሲኦል

በአራተኛው ሳምንት እሑድ ሦስታችን ወደ አይፈል ተራሮች ተጓዝን፤ እጮኛውም በብዙ ልመና መጣች። የዶቼ ቬለ አማርኛ ከሚሰራጭባት ከቦን ከተማ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ቢነዱ ኑርቡርግ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ከላይዋ የፈረሰ የጥንት ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ጫካ። በዚያ ጫካ ውስጥ ነው በመኪና ወዳጆች ዘንድ እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚታየው ኑርቡርግሪንግ የተዘረጋው።

መንገዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1927 ነው፤ ለድሃው የአይፈል ሕዝብ ሥራ ለመስጠትም ታስቦ ነበር። ሰሜናዊው ቀለበት አንዱ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቦታ 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለው። «አረንጓዴው ሲኦል» የሚለውን ስም ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ሻምፒዮን ጃኪ ስቱዋርት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1976 ኒኪ ላውዳ ፌራሪው እዚህ ተጋጭቶ በእሳት ሲያያዝ ከነበልባሉ ያወጡት ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይሽር ሞንዛ ላይ ተመልሶ ተወዳደረ። ፎርሙላ ዋን ግን ከዚያ ዓመት በኋላ በዚህ ረጅሙ ቀለበት ተወዳድሮ አያውቅም።

የሚገርመው፣ ውድድር በሌለበት ቀን ማንም ሰው መንገድ ላይ እንዲሄድ የተፈቀደለትን የራሱን መኪና ይዞ፣ ከፍሎ ይገባል። ሕጉ የመንገድ ሕግ ነው፤ መቅደም በግራ ብቻ፣ ሰዓት እየያዙ መሽቀዳደም ክልክል። የመንገዱን አጥር የገጨ ሰው ደግሞ የአጥሩ ሒሳብ ይመጣለታል! ብዙ የኢንሹራንስ ውሎችም እዚያ ለሚደርስ ጉዳት አንከፍልም ይላሉ።

እጮኛው መግቢያው ጋ ቡና ይዛ ቀረች፤ እኔ ከጎኑ ገባሁ። ፍሉግፕላትስ የሚሉት ጉብታ ላይ መኪናዋ ከመሬት ተነስታ የምትበር መሰለኝ። ቀጥሎ ፉክስሮረ፤ መንገዱ በዛፎች መሀል ወደ ታች ይወረወርና ወዲያው ወደ ላይ ይተኩሳል። ላውዳ የተቃጠለበትን ሰፈር፣ ቤርግቬርክ አጠገብ፣ በዝምታ አለፍን። ካሩሰል በሚባለው ኩርባ ውስጥ ኮንክሪቱ እንደ ገበታ ጎድጉዶ መኪናውን አቅፎ ያዞረዋል። ወዳጄ ለፈጣኖቹ የቀኝ ፍሬቻ እያሳየ መንገድ ለቀቀ። ሃያ መኪና ቢቀድመን ነው! እሱ ግን በየኩርባው የሚያዳምጠው እግሩ ሥር ያለውን ፔዳል ነበር። ከመጀመሪያው ኩርባ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ጠንካራ ነው።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብዙ ወጣት ቦኔት ከፍቶ፣ ከጎማው መሀል ጭስ እየወጣ ቆሟል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ያፍናል። ሁሉም የሚያወራው ግን ስለ ፈረስ ጉልበት ነው!

ወደ ኮሎኝ ስንመለስ ልጅቷ አንዳች ሳትናገር ከፊት ገባች። ያ የተጣሉበት ቁልቁለት ደረሰ። ወዳጄ ቀድሞ ማርሽ ቀነሰ፤ ፍሬኑንም አጠር አጠር እያደረገ ረገጠ። ከኋላ ሆኜ ምን ትላለች ብዬ ብጠብቅ ድምፅ የለም። አጎንብሼ ባያት… እንቅልፍ ወስዷታል! ወዳጄ በመስታወት አየኝና ፈገግ አለ። ከ100 ፈረስ የሚበልጥ ነገር እንዳገኘ ገብቶታል።

ከኛ ሰፈር ሲታይ

«እኛ ዘንድ ኑርቡርግሪንግ የት አለና?» የሚል አይጠፋም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድስ? ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ያውም ከጎንህ ከባድ መኪና እያለ። እንግዲህ መኪናህን በራስህ እጅ ልታሻሽል ካሰብህ ይህችን ቅደም ተከተል ያዝ።

1ኛ፦ መጀመሪያ የሚያቆመውን። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ከሚበርበት አንዴ ሲቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ሰባት ሊትር ገደማ ውሃ ያፈላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ ከአየር ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ የሚሟሟው ለዚህ ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ለውጠው። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ ተጠንቀቅ!

2ኛ፦ ቀጥሎ መሬት የሚይዘውን። ጎማ ስትገዛ ጥርሱን ብቻ አትይ፤ አራቱን አሃዝ አንብብ። ሶማሌ ተራ ወርደህ ያገለገለ በር ወይም መብራት ብትገዛ ብልህነት ነው፤ ያገለገለ የፍሬን ሸራና የፍሬን ቱቦ ግን ነፍስን በቅናሽ መሸጥ ነው። ሞላ ቆርጦ መኪና ማሳጠርም ውበት አይደለም፤ ሞላው ከቦታው እንዲላቀቅ፣ ጎማው ከመሬት እንዲዘል ያደርጋል።

3ኛ፦ ከዚያ የሚሸከመውን። ወለሉን፣ ብየዳውን፣ ዝገቱን በባትሪ እይ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አትግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ አቁምበት።

4ኛ፦ ኃይል መጨረሻ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ታዲያ ማርሚታ ቆርጠህ ብታስጮኸው የሚጨመረው ጩኸቱ ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ጎረቤት ይረበሻል፣ ፈረሱ ግን እዚያው ነው!

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሽ ፎሌ አድርጎ ነዳጅ ቆጠብኩ ማለት ይቅር። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት የድሮ ሾፌሮች እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል።

ወንድሞቼ፣ እናንተም እህቶቼ! መኪናችሁ ሲሄድ የሚያይላችሁ መንገደኛው ሁሉ ነው። ሲቆም የሚያውቅላችሁ ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ያጠራቀማችኋት ብር መጀመሪያ ለዚያ ሰው ትዋል። በቸር ያቁማችሁ!