ሃያ አራት ከረጢት

እናቴ የተወለደችበትን ቀን አታውቀውም። ዓመቱን የጠየቃት ሰው ካለ «የታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው» ትላለች። ጠያቂው ቆጥሮ 1953 ዓ.ም. መሆኑን ሲነግራት «እንግዲህ ይሁና!» ብላ ትቀበላለች። ልጄ ደግሞ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ታውቃለች። ልደቷ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው መቁጠር ትጀምራለች። እኔ እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የምኖር ሰው ነኝ።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ልጄ ስድስት ዓመት ሞላት። ኬኩንና ድፎ ዳቦውን ባለቤቴ ያዘች። ኮሚናሉን ማስጠረግ፣ ወንበር መደርደርና ፊኛ መንፋት ለወንድሟ ደረሰው። ለእኔ የተረፈችኝ ከረጢቷ ነበረች፤ ያቺ ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ የምትሰጣቸው፣ ዛሬ ዛሬ ያለሷ ልደት ልደት የማይመስለው የመሸኛ ከረጢት። «አንተ እንደሆነ ቤት ነው የምትውለው፤ ይህቺ አትከብድህም» አለችኝ ባለቤቴ። መጣጥፍ እየጻፈ የሚኖር ሰው ሥራ ፈት ተደርጎ መቆጠሩን ስለለመድኩት አልተከራከርኩም።

የተጠሩት ልጆች ሃያ አራት ናቸው። አሥራ ስድስቱ የክፍል ጓደኞቿ፣ ስምንቱ በምንኖርበት የጀሞ ኮንዶሚኒየም አብረዋት የሚጫወቱ የብሎካችን ልጆች። ከስምንቱ አንዱ የጥበቃችን ልጅ ነው፤ አንዷ ደግሞ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ልጅ ናት።

ሐሙስ ዕለት መርካቶ ወረድኩ። አንባቢዬ፣ ለልጅ የሚሆን ትንሽ ነገር መምረጥ ቀላል ከመሰለህ ተሳስተሃል። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ፊሽካ ላይ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ያምራል። ሃያ አራት ፊሽካ በአንድ ደረጃ ላይ ሲነፋ በጆሮዬ ታየኝና ተውኩት። ብይ አነሣሁ፤ ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ገና የሚድሁ ወንድምና እኅት እንዳላቸው ትዝ አለኝ። ብይና ሎዝ፣ ድፍን ከረሜላ፣ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ሳይቀር ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ተወትፎ ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። መለስኩት። ቸኮላት አየሁ፤ ወተት አለበት። የልጄ ልደት መጋቢት አጋማሽ ላይ ስለሚውል ከዐቢይ ጾም አምልጦ አያውቅም፤ ልጆቹ ባይጾሙም «ይህን ለፋሲካ አስቀምጪው» የምትል አያት በየቤቱ አለች። ያ የሚለጠጠው ባለ ቀለም ጄሊ ደግሞ ጀላቲን አለበት፤ ጀላቲኑ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ማሸጊያው አይናገርም። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ላይ ውለው ነበርና፣ ሙስሊም እናቶች ከረጢቱን ፈትሸው ከልጃቸው እጅ አንድ ነገር ሲቀሙ ማየት አልፈለግሁም።

እንዲህ እያልኩ ስጥልና ሳነሣ ሁሉም የሚበላው አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ። እሱን እናቴ ትሠራልኛለች። ለመጫወቻው ባለ ስድስት ቀለም እርሳስ በፓኮ፣ ተለጣፊ ሥዕልና ትንሽ ኳስ መረጥኩ። ዋጋውን ስጠይቅ ደነገጥኩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ነጋዴው ወጣት ፊቴን አይቶ «ወንድሜ፣ እኔን ሳይሆን ዶላሩን ተቆጣው» አለኝ።

የያዝኩት ገንዘብ ለሃያ አራቱም እንደማይበቃ ሳውቅ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ዘዴውን ማንም አልመከረኝም፤ የራሴ ነው። ለአሥራ ስድስቱ የክፍል ልጆች ደህናውን፣ ለስምንቱ የብሎክ ልጆች ቀለል ያለውን። የክፍል ልጆቹ ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፤ ወላጆቻቸውም ያያሉ። የብሎኮቹ እንደሆኑ የቤት ልጆች ናቸው፤ አንድ እርሳስ፣ ጥቂት ከረሜላና አንድ ፊኛ ምን አነሳቸው? ፊኛውንና ከረሜላውን ያን ሁሉ ተጠንቅቄ ለሌሎቹ እንዳልተውኩ፣ ለእነዚህ ስገዛ አንድም ጊዜ ጉሮሮ አልታወሰኝም። ለደህናዎቹ ሪባን የታሰረበት ቡናማ የወረቀት ከረጢት ገዛሁ። ለሌሎቹ ፌስታል። (ስስ ፌስታል ከወራት በኋላ በወጣ አዋጅ ተከልክሏል፤ ያን ጊዜ ግን ገና ነበር።)

ዓርብ ማታ እናቴ ዳቦ ቆሎዋን ይዛ ከጉለሌ መጣች። አልጋው ላይ የደረደርኩትን ከረጢት ቆማ አየችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የእንግዶቹ።»

«ይህስ ፌስታሉ?»

«እሱ... የሰፈር ልጆቹ ነው።»

«የሰፈር ልጅ እንግዳ አይደለም?»

ስለ ዋጋው ነገርኳት፤ ስለ ዶላሩም ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ለቡሄ ሆያ ሆዬ እያለ ደጅህ ለቆመ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ ብለህ ጠይቀህ ነው ሙልሙል የምትሰጠው?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺን የፈንዲሻ ቀን ረሳሃት እንዴ?» አለች።

አልረሳኋትም። ግን እናቴ ታውቃታለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ 1988 ዓ.ም.። ከቤታችን ፊት ለፊት ትልቅ የብረት በር ያለው የአንድ ነጋዴ ግቢ ነበር። ለልጁ ልደት የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ጠራን። ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው ነበረ፤ ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ነበረ። ልንወጣ ስንል የቤቱ እመቤት በሩ ላይ ቆመው ለአንዳንዶቹ የወረቀት ከረጢት ሰጡ፤ በውስጡ ማስቲካ፣ ደስታ ከረሜላና አንድ ትንሽ መኪና ነበረበት። የእኔ ተራ ሲደርስ አዩኝና ወደ ሌላ ሣህን ዞሩ። ፈንዲሻ ዘገኑልኝ። የምይዝበት ስላልነበረኝ በሸሚዜ ጫፍ ተቀበልኩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ፈገግ ብለው «እደግ» ብለውኛል። ቤት ስገባ እናቴ «ለሁሉም ፈንዲሻ ነው የሰጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ እማዬ፣ ለሁሉም ነው» አልኳት። አብረን በላነው።

«ሠራተኛቸው ያኔ ማታውኑ ነግራኝ ነበር» አለችኝ እናቴ፣ ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩህ።»

ምን ይባላል? አንሶላ አነጠፍንና ሁሉንም ዘረገፍነው። ባለቤቴ ከማድ ቤት መጥታ አንድ ቃል ሳትናገር መቀስ ይዛ ተቀመጠች። ሒሳቡ ደግነቱ አላስቸገረም። አሥራ ስድስት ፓኮ እርሳስ፣ ስድስት ስድስት፣ ዘጠና ስድስት ይሆናል፤ ለሃያ አራት ሲካፈል አራት አራት ይደርሳል። ተለጣፊውን ሥዕል በመቀስ ከፋፈልነው። ፊኛውና ከረሜላው ወጣ። አሥራ ስድስቱ ኳስ አልካፈል ስላለ፣ እናቴ «የማይካፈለው ለሁሉም መጫወቻ ይሁን» ብላ ፈረደችና ኮሚናሉ እንዲወርድ ተወሰነ። ፌስታሉን ጥለን፣ የጎደለውን ስምንት ከረጢት ባለቤቴ ከካኪ ወረቀት አጣብቃ ሠራች። ዳቦ ቆሎው በሻይ ብርጭቆ እየተሰፈረ ገባ።

ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን ድግሱ አለፈ። ሁሉም ነገር አማረ ብል ግን እዋሻለሁ። በር ላይ ከረጢቱን ሳድል አንዲት የክፍል ጓደኛዋ እናት ከፍተው አዩና፣ «ቀለሙ አልሞላም እንዴ?» አሉኝ፤ በቅንነት ነው የጠየቁት። ጆሮዬ ሞቀ። አፌ ላይ የመጡትን ማመካኛዎች ሁሉ ውጬ፣ «አዎ፣ አራት አራት ነው የደረሳቸው» አልኳቸው። ልጄም አኩርፋ ነበር። የእሷ ባልንጀራ ልደት ላይ የተሰጠው ከረጢት ሰዓት ነበረበት። እውነተኛ የሚሠራ የእጅ ሰዓት! «የእኛ ግን ዳቦ ቆሎ» አለችኝ። ስድስት ዓመት ለሞላት ልጅ የፈንዲሻ ታሪክ መንገር አልፈለግሁም። አንድ ቀን እነግራታለሁ፤ ወይም እኔም እንደ እናቴ ዝም እል ይሆናል።

ሁሉም ሄዱ ብዬ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ ደረጃው ላይ አራት ልጆች ተቀምጠው አገኘሁ። ሁለቱ ወላጆቻቸው የዘገዩባቸው የክፍል ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ የጥበቃው ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ። ከረጢቶቻቸውን ደረጃው ላይ ገልብጠው እርሳሶቻቸውን ደርድረዋል። ለካ አራት አራት ስናድል የሁሉም ቀለም አንድ ዓይነት አልሆነም ነበር። ለአንዱ ቀዩ የለውም፤ ለአንዷ አረንጓዴው።

«ቀዩን ስጪኝና ሰማያዊውን ውሰጂ» ይላል የጥበቃው ልጅ።

«ሰማያዊ አለኝ። ቡኒውን ካልሰጠኸኝ አልሰጥህም» ትላለች በሪባን የተጎነጎነችው።

ቡኒውን አንሥቶ አየው፤ አሰበበት፤ መልሶ አስቀመጠው። ሊሰጣት አልፈለገም። የሚከለክላት ነገር በእጁ ነበረውና ተዝናንቶ ይከራከራል። ቆሻሻዬን እንደያዝኩ በጎናቸው አለፍኩ፤ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም።