የቀን ዘቦች ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቶርጉትን ስም ያወጣው ግን ሥራ ነው።

ቶርጉቶች ከታችኛው ቮልጋ በስተምዕራብ የሚኖረው የካልሚክ ሕዝብ አንዱ ነገድ ናቸው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ስማቸው የመነጨው «ቱርጋግ» ከተሰኘው ጥንታዊ የሞንጎል ቃል ነው፤ ፍችውም የቀን ዘብ ማለት ነው። የመጨረሻዋ «ት» ብዛትን ታመለክታለች። የሞንጎሎች ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ጀንጊስ ካን በ1204 እ.ኤ.አ. 80 የሌሊትና 70 የቀን ዘቦችን መረጠ፤ በ1206 የቀኖቹ ቁጥር 8,000 ደረሰ።

ካኑ አለፈ፤ ግዛቱም ፈረሰ። የሥራው መጠሪያ ግን ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ የነገድ ስም ሆነ።

ስሙን የተሸከመው ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል። በ1630 አካባቢ ከብቱን እየነዳ ቮልጋ ደረሰ። በ1771 አብዛኛው በኡባሺ ካን መሪነት ወደ ጥንት አገሩ ወደ ጁንጋሪያ ሲመለስ፣ በብርድ፣ በረሃብና በጦርነት እጅግ ብዙ ሰው በመንገድ አለቀ። በቮልጋ የቀሩትም አልተረፉም፤ በታኅሣሥ 1943 የካልሚክ ሕዝብ በስታሊን መንግሥት ትእዛዝ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ፤ የሪፐብሊኩም ስም ከካርታ ተፋቀ። ወደ አገሩ መመለስ የቻለው ከ13 ዓመታት በኋላ ነበር።

ዛሬም በቮልጋ አካባቢ፣ በሞንጎሊያና በቻይናዋ ሺንጂያንግ ቶርጉት ነኝ የሚል ሰው አለ። የሚጠብቀው ካን የለም። ዘቡ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ የሚጠብቀው የገዛ ስሙን ነው።