ለጥንቸሏ የሚቀነጠስ ቅጠል

አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት የተነሳው ቀላል ባቡር ጉዞውን የሚጨርሰው ጦር ኃይሎች ነው። በዙሪያው ያሉት የቆዩ ግቢዎች ዛፋቸውን ገና አልጨረሱም፤ አንዱ ጋ አቮካዶ፣ ሌላው ጋ ጉሎ፣ አጥሩ ላይ የወፍ ቆሎ። ጥንቸልም አለች። ፈረንጅ ቤት ሐምስተር የተባለው አይጥ መሰል እንስሳ የሚይዘውን ቦታ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የምትይዘው እሷ ናት። ሽቦ ከተመታበት የጣውላ ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች፤ ልጅ ከአጥሩ ቅጠል ቀንጥሶ በሽቦው ያሾልክላታል። የተሰነጠቀ ከንፈሯ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ ቅጠሉ ከጫፉ እያጠረ እያጠረ ጣቱ ጋ ሲደርስ ልጁ ሌላ ሊያመጣ ይሮጣል። ይህን ፍቅር እወደዋለሁ። የሚያሰጋኝ ቅጠሉ ነው።

ትልልቆቹ «እንስሳ የሚጎዳውን ያውቃል» ይላሉ። ሜዳ ላይ እንደልቡ መርጦ ለሚግጥ ይህ በመጠኑ እውነት ነው። የታጎረ ግን ምርጫ የለውም፤ የቀረበለትን ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ጥንቸልም ሐምስተርም ማስመለስ አይችሉም። ውሻ ያልተስማማውን አስመልሶ ሊተርፍ ይችላል፤ እነሱ አንዴ ከዋጡ ዋጡ ነው።

ስለ አቮካዶው ልንገራችሁ። ፍሬውን እኛ ጭማቂ ቤት በብርጭቆ እናዘዋለን፤ ቅጠሉ ግን የጥንቸልን የልብ ጡንቻ ይጎዳል፣ የምታጠባዋንም ጡት ያሳብጣል። ፍሬውም ቢሆን አይሰጣት። የወፍ ቆሎ ጉበት ይጎዳል፤ ጉሎ፣ በተለይ ፍሬው፣ ገዳይ ነው። ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደር ደርቆ እንኳ መርዙ አይለቀውም። ከጓሮ የተነቀለ የቲማቲምና የድንች ቅጠልም ወደ ሣጥኑ መሄድ የለበትም።

አበባ የሚሰጡም አሉ። ጽጌረዳ በራሱ አይጎዳትም። ነገር ግን አገራችን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ በብዛት የምትልክ ናት፤ ለገበያ በሚመረት አበባ ላይ ደግሞ ፀረ ተባይ ይረጫል። ከሱቅ የተገዛ እቅፍ አበባ ጠረጴዛ ላይ ያምራል እንጂ ለጥንቸል አይሆንም። ከቡና በኋላ የተጠረገ ቀጤማም እንዲሁ ነው፤ ተረግጧል፣ የዕጣን አመድና የሲኒ አተላ ፈስሶበታል።

ታዲያ ምን ትብላ? ሣር። ሰርዶና ንጹሕ ድርቆሽ ዋና ምግቧ ነው፤ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሚሞርድላት እሱ ነው። የካሮት ቅጠል በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርላት። ስሙን የማታውቁትን ቅጠል አትስጧት። መብላት ካቆመች ነገ እናያለን አትበሉ፤ ያኔውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ የበላችውንም ቅጠል ቆርጣችሁ ያዙ።